ያልተጻፈው ጸጥታ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ኬክ ተቆረሰልኝ፣ ጋቢ ተደረበልኝ፤ ልጄ ሊሆን የሚችል አንድ ኃላፊም የመሥሪያ ቤቱን ታሪክ ከወረቀት ላይ አነበበ። ነፋስ ስልክ ስለነበረው የሬዲዮ መቀበያ ቤት ሲደርስ፣ «በአንድ ሠራተኛ ቸልተኝነት ከጠፋው አንድ መልእክት በቀር ጣቢያው አገሩን በታማኝነት አገልግሏል» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ተነሣሁ።

«ያ ሠራተኛ ስም አለው» አልኩ።

«እማማ ዘነበች፣ ይሄ እኮ የድሮ ነገር ነው። ዛሬ የእርስዎ ቀን ነው» አለኝ ኃላፊው።

«የእኔ ቀን ከሆነ እንድናገር ተወኛ።»

ሳቁ። የቀለድኩ መሰላቸው። አንዱ ሙዚቃ ከፈተ። ጋቢውን አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ። ልጆቼ በዚህ እስከ ዛሬ ያፍሩብኛል፤ «ምን ነበረበት ዝም ብትዪ» ይሉኛል። ያን ቀን ያላስጨረሱኝን እዚህ እጨርሰዋለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የማሳምረው ነገር የለኝም፣ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባዎቹ ሊያልቁ ሲሉ፣ መሀል ከተማ ስልክ ቤት ነው። ሴቶች በአንድ ረጅም ጠረጴዛ ፊት ተደርድረን ገመድ እየነቀልን እንሰካለን፤ «ሀሎ፣ የት ላገናኝዎት?» ስንል እንውላለን። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ድሬዳዋ ሆስፒታል ስለተኛው ባሏ እየጠየቀች ሳለ አንድ ትልቅ ሰው ያንኑ መስመር ፈለገ።

«ቁረጫት» አለኝ አለቃዬ።

«ወረፋዋን ጠብቃ ነው የገባችው።»

«የሚጠብቀው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ። እሱም ይጠብቅ።»

በሳምንቱ ተዛወርኩ። «ነፋስ ስልክ ሂጂ፤ ነፋሱ ያበርድሽ ይሆናል» አለኝ አለቃዬ። አላበረደኝም።

ነፋስ ስልክ ያኔ የከተማ ዳር ነበር። ከአውቶቡስ ከወረድኩ በኋላ በገብስ ማሳ መሀል በእግሬ እሄዳለሁ። ረጃጅም የአንቴና ምሰሶዎች በሽቦ ተወጥረው ቆመዋል፤ በሥራቸው የአካባቢው ገበሬዎች ከብት ያሰማራሉ። በሬ መወጠሪያውን ሽቦ ሲታከክ በማዳመጫችን ውስጥ ሸክላ በቢላዋ የሚፋቅ ይመስላል። አንዳችን ወጥተን እንጮሃለን። የከብቶቹ ባለቤት ኦቦ ዲንሳ ዱላቸውን ተደግፈው፣ «በሬው ቤተሰቡን ማነጋገር ፈልጎ ነው፤ እናንተ ብቻ ናችሁ እንዴ ዘመድ ያላችሁ?» ይሉናል። እየሳቁ ነድተው ይወስዱታል። እዚያ ግቢ ውስጥ ከሰማኋቸው ቀልዶች የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው።

መቀበያ ቤቱ ወፍራም ግድግዳ ያለው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር። እዚያ ያስተማሩኝ ጋሽ በላቸው ናቸው። ቀጭን፣ ጥቁር ኮት የማያወልቁ፣ ከመካኒሳ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ በእግራቸው የሚመጡ ሰው። ጠዋት ሲገቡ ሰላምታ አይሰጡም። መጀመሪያ ቀን «እንደምን አደሩ» ብላቸው እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው ዝም አሰኙኝና ወደ መቀበያዎቹ አለፉ። ጥጋበኛ ናቸው ብዬ ያዝኩባቸው። የጠዋቱ ሥራ ካለቀ በኋላ ግን ማዳመጫቸውን አውልቀው ወደ እኔ ዞሩና፣ «እሺ ልጄ፣ እንዴት አደርሽ? እናትሽ ደኅና ናት? ወንድሞችሽስ? ቤት ጠበባችሁ አሉ፣ አገኛችሁ?» እያሉ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሰላምታቸውን ለመስማት የሚፈልጉት ጆሯቸው ለሥራው ከማያስፈልጋቸው በኋላ ነበር። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ናቸው፤ ሚኒስትር ቢመጣም ሳይጨርሱ ሰላም አይሉም።

ሥራችን ይህ ነበር። በሩቅ ያሉ ትናንሽ ጣቢያዎች፣ በእጅ በሚዞር ጄኔሬተር ወይም በመኪና ባትሪ እየሠሩ፣ መልእክታቸውን በነጥብና በሰረዝ ይልካሉ። ድምፃቸው ይመጣል፣ ይከስማል፣ እንደገና ይመጣል። ስለዚህ ለአንድ ጣቢያ ሁለት መቀበያ በሁለት አንቴና እናቆማለን፤ በአንዱ ሲከስም በሌላው ይገኛል። የግራውን በግራ ጆሮ፣ የቀኙን በቀኝ ጆሮ እንሰማለን። ሁለቱ መቀበያዎች ግን በልክ መስማማት አለባቸው። ጥቂት ከተለያዩ ድምፁ ዉዉዉ እያለ ይንቀጠቀጣል። እየተቀራረቡ ሲሄዱ መንቀጥቀጡ ይዘገያል፤ ዉ… ዉ… ይላል፤ በመጨረሻ ይቆማል። ያኔ ድምፁ ከግራም ከቀኝም መምጣቱን ይተውና ግንባር መሀል ላይ ይቀመጣል።

ጋሽ በላቸው ለዚህ የእጃቸውን ጀርባ በሁለቱ መቀበያዎች ጎን ላይ አስጠግተው እኩል መሞቃቸውን ያያሉ። እኩል ካልሞቁ አይነኳቸውም። ከዚያ ማዞሪያውን በቀለበት ጣታቸው ብቻ ይነካሉ። እኔ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ጨብጬ ሳዞር ይቆጡኛል። «ዘነቡ፣ ውኃ መቅጃ ቧንቧ መሰለሽ? አታዙሪው። ልታዞሪው አስቢ፣ እሱ ራሱ ይሄዳል» ይሉኛል። ሳቅኩባቸው። ከጊዜ በኋላ እጄ ገባው።

ጠላታችን ከከተማው ማዶ ያለ የሌላ መሥሪያ ቤት ትልቅ ማሰራጫ ነበር። እሱ ሲነሣ መቀበያዎቻችን ይደነቁራሉ፤ ፉጨቱ የደካሞቹን ድምፅ ይውጠዋል፤ ሁለቱን ማስማማት ጨርሶ አይቻልም። አንዴ ከተስማሙ በኋላ ግን እሱ ቢጮህም ከጩኸቱ ሥር ደካማውን ለይተን እንከተላለን። መቀበያ ደግሞ ሲቀዘቅዝና ሲሞቅ ይንሸራተታልና ዛሬ የተስማማው ለነገ አይሆንም። የቀኑ ሥራ ሁሉ የተንጠለጠለው ጠዋት በምናገኘው አጭር ጸጥታ ላይ ነበር። ማሰራጫው ዘወትር ጠዋት፣ ሩቆቹ ጣቢያዎች መላክ ከመጀመራቸው በፊት፣ ለጥቂት ጊዜ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ጋሽ በላቸው «አባታችን ሆይ» እያሉ ያስማማሉ። ጸሎቱም ማስማማቱም ሲያልቅ ማሰራጫው ይመለሳል።

እንዴት እንደሚጠፋ ብዙ ወራት አላወቅኩም፤ የማሽኑ ጠባይ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ነው የሰማሁት። የማሰራጫው የጠዋት ተረኛ አቶ ሙላቱ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ እሳቸውና ጋሽ በላቸው በየወሩ በአምስት የአቦን ጽዋ አብረው የሚጠጡ ማኅበርተኞች ናቸው። ጋሽ በላቸው አንድ ቀን ማኅበር ላይ ችግራቸውን ነገሯቸው። አቶ ሙላቱም «ለዚህ ነው እንዴ የምትጨነቀው?» አሉ። ከማግስቱ ጀምሮ ማሽኑን ላቀዝቅዝ ብለው ያጠፉት ጀመር። በቃ፣ ይኸው ነው። አለቆች አያውቁም።

«ለምን በወረቀት አይሆንም?» አልኳቸው ጋሽ በላቸውን።

«ጽዋ አብሬው የምጠጣውን ሰው ፈርምልኝ ልበለው?»

«ቢታመሙስ?»

«ቢታመም ልጠይቀው እሄዳለሁ።»

«ቢቀየሩስ?»

«አንቺ ልጅ፣ አንድ ቀን እኔንም ፈርም ሳትዪኝ አትቀሪም» ብለው ሳቁብኝ። እኔ አልሳቅኩም። ሰው ለሰው የሚያደርገው ደግ ነገር መልካም ነው፤ የሩቅ አገር ሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ነገር ግን በሁለት ሰዎች መዋደድ ላይ ብቻ መቆም የለበትም። ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ።

ያ ጠዋት የክረምት ጠዋት ነበር። ጋሽ በላቸው ገቡ፣ ሰላም አላሉኝም፣ እጃቸውን መቀበያዎቹ ጎን አስጠጉ፣ ተቀመጡ። የቀለበት ጣታቸውን ማዞሪያው ላይ አድርገው ጠበቁ። ማሰራጫው ይፏጫል። ጠበቁ። ይፏጫል።

«ዘግይተው ይሆናል» አልኩ።

ጣታቸው ከማዞሪያው አልተነሣም።

«ልደውልላቸው?»

«ተይ። አለቆቹ አጠገቡ ቆመው ከሆነ ታስጠይቂዋለሽ።»

በዚያው መሀል ሩቆቹ መላክ ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ቆላ ውስጥ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች የሰፈሩበት ቦታ ነበር። የላኪውን እጅ ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ ሰረዙን ረዘም የሚያደርግ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ያን ቀን ይቸኩል ነበር። ያልተስማሙት መቀበያዎች አንዱ ሲይዘው ሌላው ይጥለዋል፣ ከላይ ደግሞ ፉጨቱ። «ትኩሳት» የሚለውን ያዝን። «ሰው እያለቀ» የሚለውን ያዝን። «መድኃኒት» የሚለውን ያዝን፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ፉጨቱ በላው። ድገም አልነው። ደገመ። በዚያው ቦታ ላይ እንደገና ጠፋን። ጋሽ በላቸው ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ተጭነው፣ «ምን አልክ? ምን አልክ ልጄ?» ይሉታል፤ ሰውየው አጠገባቸው ያለ ይመስል። ባትሪው ደከመ። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። ትልቁ ማሰራጫ የማርሽ ሙዚቃ እያሰማ ቀጠለ።

የያዝነውን ጽፈን ለጤና ሰዎች አስተላለፍን። ቆላ ስለሆነ ወባ ነው ብለው አሰቡ፤ የወባ መድኃኒት በአውሮፕላን ተላከ። ሰፈሩን የያዘው ግን፣ በኋላ እንደታወቀው፣ ቅማል የሚያመጣው ግርሻ ነበር፤ ልጁ ግርሻ ነው ብሎ ልኳል፣ መርፌውንም በስሙ ጠይቋል። ትክክለኛው መድኃኒት ሲደርስ ብዙ ሰው ተቀብሯል። ሰረዝ የሚያረዝመው ልጅም ከተቀበሩት አንዱ ነው። ስሙን አላውቅም። ስሙ በነጥብና በሰረዝ አይላክም ነበር።

የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው የእኛው አለቃ ነበር። ጋሽ በላቸውን መቀበያዎቹ ለምን እንዳልተስማሙ ጠየቃቸው።

«ሳላስማማቸው ጊዜው ደረሰብኝ» አሉ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ተነሣሁ። «ማሰራጫው ዘወትር ጠዋት ይጠፋ ነበር፤ ያን ቀን አልጠፋም» አልኩ።

«የት ተጽፏል?» አለኝ ሰብሳቢው።

«አልተጻፈም።»

«ትምህርትሽ ስንት ነው?»

«አራተኛ ክፍል። ጆሮዬ ግን ክፍል አልገባም።»

አልሳቁም። ማሰራጫው ባለበት መሥሪያ ቤት በኩል ሙላቱን አስጠሩት። እስከዚህ ድረስ አንቱ ብዬዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ አልልም። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠና፣ «እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም። ማሰራጫዬ ያለ ትእዛዝ ጠፍቶ አያውቅም» አለ። ጋሽ በላቸውን አላያቸውም።

ሰብሳቢው ወደ ጋሽ በላቸው ዞረ። «ልጅቷ የምትለው እውነት ነው?»

የኮታቸውን እጀታ አስተካከሉ። ከዚያ፣ «ልጅቷ አዝናልኝ ነው» አሉ።

ደጅ ስንወጣ ኮታቸውን ይዤ አስቆምኳቸው። «ዋሾ አደረጉኝ።»

«አንቺ ገና ነሽ፤ ይረሳልሻል።»

«እውነቱን ቢናገሩ ምን ይሆኑ ነበር?»

«ብናገር እሱም ያለ ፈቃድ ስላጠፋ ይባረራል፤ እኔም አጥፋልኝ ስላልኩት እባረራለሁ። አሁን አንድ ቤት ይፈርሳል። ያኔ ሁለት ቤት ነው። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ ዘነቡ፤ ጽዋ ሲደርሰው እጃችንን የሚያስታጥቡን እነሱ ናቸው።»

«የሞቱትስ?»

«የሞቱትን እኔ ላስነሣቸው እችላለሁ?»

ስሌታቸው ትክክል ነው፤ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ነገር ግን እነዚያ የተቀበሩ ሰዎች በስሌቱ ውስጥ የሉበትም። ማኅበሩ ውስጥ ወንበር ስላልነበራቸው ማንም አላሰባቸውም። የሞቱበትን ምክንያት እንኳን ቸልተኝነት ብለን ጽፈን ዘጋንባቸው።

ጋሽ በላቸው ያለ ጡረታ ተባረሩ። እኔ በወንበራቸው ተቀመጥኩ። ጸጥታው ቀረ፤ በደነቆሩ መቀበያዎች፣ ግማሹን እየሰማን፣ ድገም ድገም እያልን ዓመታት ሠራን። በወረቀት ይሁን ብዬ ለሦስት አለቆች አመለከትኩ። አንዱ ሰማኝና ሳይቀመጥ ነው የሁለቱን መሥሪያ ቤቶች ስምምነት ያስጨረሰው፤ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ በገዛ እጄ ለጠፍኩት፤ ልቤ ግን አልተደሰተም። ሙላቱ ከፍ ከፍ እያለ ሄደ። ጋሽ በላቸው ሲያርፉ አስከሬናቸውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር። ከፊት ነበር የያዘው።

ከዚያ ሁሉ በፊት ግን፣ በተባረሩ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የአቦ ጽዋ ለጋሽ በላቸው ደረሳቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለ «ዳቦውንና ጠላውን የሚያግዘኝ የለም፤ ነይልኝ» ብለው ላኩብኝ። ሥራ የሌለው ሰው ቤት ነው፤ ያም ሆኖ ጠላው ጎደለ የሚባል አልነበረም። ካህኑ ባርከው ማኅበርተኛው ከተቀመጠ በኋላ ሙላቱ ዘግይቶ ገባና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ሁሉም ተነሥተው ቦታ ለቀቁለት።

«ዘነቡ፣ ለአቶ ሙላቱ ቅጂላቸው» አሉኝ ጋሽ በላቸው።

ማሰሮውን እንደያዝኩ ቆምኩ። «እጄ አይታዘዝልኝም።»

«ኧረ በአቦ ቀን፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አስካለ።

«አቦም ያውቃሉ» አልኩና ወደ ሙላቱ ዞርኩ። «አንተ፣ ያን ቀን ጠዋት አጠገብህ ማን ነበር?»

አንተ ማለቴ ከጥያቄው ይልቅ አስደነገጣቸው። ካህኑ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሙላቱ ወለሉን እያየ፣ «አለቆቼ ነበሩ። እንግዳ ይዘው መጥተው ማሽኑን ሲያስጎበኙ…» አለ።

«በሌላው ቀንስ ጠዋት ጠዋት ማን ይኖር ነበር?»

«ማንም።»

«በል ይህችን ለኮሚቴው ተናገር። ሌላ አልልህም።»

ሰው ሁሉ ጠበቀ። ሙላቱ ባዶ ብርጭቆውን በጣቶቹ መሀል ያዞራል። በሁለት ጣቶቹ ጨብጦ ነበር የሚያዞረው። ጋሽ በላቸው ከተቀመጡበት ተነሡ፣ ማሰሮውን ከእጄ ወሰዱ፣ ጎንበስ ብለው ቀዱለት። «ጠጣ፣ ወንድሜ» አሉት። ጠጣ። ጉሮሮውን እያየሁት ነበር። ወረደለት።

በማግስቱ ጠዋት ብቻዬን ማዳመጫ አድርጌ ተቀምጫለሁ። መቀበያዎቹን ያሞቅኳቸው ለልማድ እንጂ ለተስፋ አልነበረም። ማሰራጫው ይፏጫል። በድንገት ድርግም አለ። እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ፤ የቀለበት ጣቴ ማዞሪያው ላይ ነበር። ዉዉዉ… ዉ… ዉ… ቆመ። ድምፁ ግንባሬ መሀል ተቀመጠ። እጄን ካነሣሁ በኋላ ነው ማሰራጫው የተመለሰው፤ ልክ እንደ ድሮው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። እንዲህ ያለ ነገር አላውቅም ያለው ሰው ርዝመቱን እስከ ጫፉ ያውቀዋል። አላለቀስኩም። እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። የዚያን ቀን ጥርት ብሎ የገባልኝ መልእክት አንድ ትምህርት ቤት ጠመኔ እንዲላክለት የጠየቀበት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ማሰራጫው በሙላቱ እጅ ዳግመኛ አልጠፋም።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ መካኒሳ ሄድኩ። ጋሽ በላቸው ከቤታቸው ጀርባ ጎመን ይኮተኩታሉ።

«ዛሬ ጠዋት ዝም አለ» አልኳቸው።

መኮትኮቻውን መሬት ላይ አቆሙት። «ምን ያህል?»

«እንደ ድሮው።»

«ተስማሙ?»

«ተስማሙ።»

«ግንባርሽ ላይ መጣልሽ?»

«መጣ።»

ፊታቸው በራ። «እንግዲህ ጥሩ ነው» አሉና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። ትንሽ ቆይተው ቀና አሉ፤ «እንዴት ዋልሽ ልጄ? እናትሽ ደኅና ናት?» አሉኝ።

ጥሩ አልነበረም። ሙላቱ በአፉ መመለስ የነበረበትን በማሽን መለሰ፤ እሳቸው ተቀበሉት፣ ማኅበሩም ተቀበለው። እኔ አልተቀበልኩትም። እሳቸው ካለፉ ቆይቷል፤ የማፈርስባቸው ቤት የለም፤ የሙላቱም ልጆች ዛሬ ልጆች አይደሉም።

ያ ሠራተኛ በላቸው ይባላል። ቸልተኛ አልነበረም። ማሰራጫው ዘወትር ጠዋት ይጠፋ ነበር፤ ያን ቀን አልጠፋም። የት ተጽፏል ለሚለኝ፣ አሁን ተጽፏል።